ያዳነኝ መድኃኒት አንገቴን ሲነካው

ኮምቦልቻ ውስጥ በግንቦት ሙቀት ሁለት ሹራብ ደርባ፣ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ ሒሳብ የምታስተምር ሴት አይታችሁ ከነበር እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ መስኮቱን ከፍተው በደብተር ሲያራግቡ፣ እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ "በረደኝ፣ ዝጉልኝ" እል ነበር። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ መሳቁን ተዉት፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ይኸኛው ነው።

ምሕረት እባላለሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ እኖራለሁ፤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ወደ ማታ እወጣለሁ። ባለቤቴ ዳንኤል በርና መስኮት የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ልጅ የለንም። ይህን የምጽፈው ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት እየወሰዱ ሰውነታቸው ያለ ምክንያት ለቀዘቀዘባቸውና ለከበዳቸው ሰዎች ነው። እኔ ምክንያቱን እስካውቅ ድረስ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናንተ በአንድ የደም ምርመራ ልታውቁት ትችላላችሁ።

ሊቲየም የጀመርኩት ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ ጠፋኝ፤ መጥፋቱም ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ እነሣና ቀኑን ሙሉ ስሮጥ እውላለሁ። አእምሮዬ እንደዚያን ጊዜ የጠራበት ዘመን ያለ አይመስለኝም ነበር። የኮምቦልቻን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ወንበርና ጠረጴዛ ላሟላ ቆርጬ ተነሣሁ። ዳንኤል ልኬት ሊወስድ ደጋን ከተማ በወረደበት ቀን ሥራ ቤቱን ከፍቼ ለመንገደኛው ሁሉ ጣውላ አደልኩ። ተሠርተው ያለቁ፣ ባለቤታቸው የሚጠብቃቸውን ሁለት በሮች ሳይቀር ለማላውቃቸው ሰዎች አሸከምኩ። ዳንኤል ሲመለስ ባዶው ቤት መሐል ቆሜ እዘምር ነበር። አልተቆጣኝም። አቅፎኝ አለቀሰ። ለምን እንደሚያለቅስ ስላልገባኝ ሳቅሁበት። ካደረግሁት ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚያመኝ ያ ሳቅ ነው።

ሆስፒታል ተኛሁ። ሕመሙ ባይፖላር ይባላል አሉን፤ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከልክ በላይ የሚወርድበት። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ዘነበች አጠገባችን ቁጭ ብላ መድኃኒቱን አስረዳችን። ሊቲየም ከምድር የሚወጣ፣ እንደ ጨው ያለ ማዕድን ነው አለችን። "ውሃ በደንብ ጠጪ። ጨው በድንገት አትተዪ። ራሴን አመመኝ ብለሽ ማስታገሻ ከፋርማሲ ዝም ብለሽ አትግዢ፣ መጀመሪያ ጠይቂን። ኩላሊትሽንና አንገትሽ ላይ ያለውን ዕጢ ደግሞ በየስድስት ወሩ እንመረምራለን።"

መድኃኒቱ ያዘኝ። በሁለት ወር ውስጥ ወደ ራሴ ተመለስኩ፤ ወደ ክፍሌም ገባሁ። የኩላሊቱን ምርመራ አደረግሁ። ለአንገቱ ዕጢ በሄድኩበት ቀን ግን የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆ ነበርና በወሩ ተመለሺ ተባልኩ። አልተመለስኩም። ደህና የሆነ ሰው ምን ብሎ ላቦራቶሪ ለላቦራቶሪ ይዞራል? ሲስተር ዘነበችም ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄደች፤ የሚያስታውሰኝ ሰው አጣሁ። እኔም ረሳሁት።

መጀመሪያ የመጣው ብርዱ ነው። ቀጥሎ ድምፄ። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከኮሌጅ ጀምሮ ከፍተኛውን ድምፅ እይዝ ነበር። አንድ እሑድ መዝሙሩ መሐል ድምፄ ተሰብሮ ቀረ። የመዘምራኑ መሪ "ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጪበት" አለኝ። ጠጣሁበት። ከወር በኋላ ዝቅ ወዳለው ድምፅ አዛወረኝ፤ ከዚያም "እስቲ ትንሽ ዕረፊ" አለኝ።

ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ በእፍኝ ይቀር ጀመር። የቅንድቤ ዳር ሳሳ። ምግብ እየቀነስኩ ኪሎ ጨመርኩ። ጠዋት ስነሣ ፊቴ አብጦ፣ የጋብቻ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ተኝቼ እሑድ ጠዋት የምነሣበት ጊዜ ነበር፤ ተነሥቼም ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም እንዳደርኩ ይደክመኛል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት ብዬ ጻፍኩና መልሱ ጠፋኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ እኔን ላለማሳፈር ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ "ሃምሳ ስድስት" አለች። "ጎበዝ" አልኳት፣ ሆን ብዬ የጠየቅሁ መስዬ።

ከዚያ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ሆነ። የመጀመሪያው ታይፎይድ ነው አለኝ። እኛ ዘንድ የደከመው ሰው ሁሉ መቼም መጀመሪያ ታይፎይድ ነው። ሳምንት መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት እንክብል ሰጠኝ። ሦስተኛው ጨጓራ አለ። ከሁሉም ይልቅ ያቆሰለኝ ግን የክሊኒክ ሰው አይደለም። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ከአምልኮ ስንወጣ ሆዴን በዓይኗ ለክታ "እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ። ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር። "እብጠት ነው እማዬ" ብዬ አለፍኩ። ዳንኤል ሰምቷል።

በክትትሌ ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለመቀመጫ እንኳ ቦታ አልነበረም። ተራዬ ሲደርስ የማላውቀው ወጣት ሐኪም ጠየቀኝ። ትተኛለሽ? ብዙ። ደስ የሚልሽ ነገር አለ? የለም። ታለቅሻለሽ? አንዳንዴ። "የድብርቱ ጎን ተመልሷል" አለና ሌላ ክኒን ጨመረልኝ። አልወቅሰውም። የነገርኩት ሁሉ ድብርትን ይመስላል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ድምፄ፣ ስለ ቅንድቤ አልነገርኩትም። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ ሹራብ ምን ይወራል ብዬ ነው። ወገኖቼ፣ ስለ ሹራቡም ንገሯቸው።

አዲሱ ክኒን ምንም አልፈየደኝም። በዚሁ መሐል አንዲት አብራን የምትጸልይ እህት ወደ ዳር ጎትታ ወሰደችኝና "ጌታ ፈውሶሻል፤ እምነትሽን ያሰረው ይህ ክኒን ነው" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እሷ ባትለኝም ሰበብ እየፈለግሁ ነበር። ያደከመኝ ሊቲየሙ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግምቴ ግማሹ ልክ ነበር፤ ያሳሳተኝም ልክ መሆኑ ነው። ዳንኤል እንዳያውቅ በየማታው የሊቲየሙን ክኒን ከማሸጊያው እያወጣሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ባለ ባዶ የጠመኔ ካርቶን መክተት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። ሰውነቴ እንደ እርጥብ ጆንያ ከብዶ ሳለ አእምሮዬ መሮጥ ጀመረ። እግሬ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ሐሳቤ ግን አያቆምም። ያ ሁሉ እንቅልፍ ባንዴ ተገፈፈ። በተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የማታ ትምህርት ቤት እቅድ ብዬ ገጽ በገጽ ሞላሁ። በመምህራን ማረፊያ ይህንኑ በዚያ በሻከረ ድምፄ ሳወራ፣ አማርኛ የምታስተምረው ጓደኛዬ ሐዋ ወረቀቶቹን አየች፤ ቀጥላም ፊቴን አየች። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። የበፊቱን ሕመሜን ከትምህርት ቤቱ ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

"ምሕረት፣ መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?"

"እወስዳለሁ።"

"እስቲ በጌታሽ በይ።"

አፌን ከፈትኩ። ለሰው መዋሸት ለምጄ ነበር፤ በጌታ ስም ግን አቃተኝ።

"አብሽሪ" አለችኝ ትከሻዬን ይዛ። "አልቆጣሽም። ወላሂ ዛሬ ግን ብቻሽን አትወጪም፤ ቤትሽ ድረስ አደርስሻለሁ።"

ሚኒባስ ውስጥ እጄን እንደያዘች ነበር። ትንሽ እንደሄድን አገላብጣ አየችው። "አላህ! በዚህ ሙቀት እጅሽ እንዲህ በረዶ ይሆናል? ያኔ ስታመሚ እኮ እጅሽ እሳት ነበር። ይኼ ያው በሽታ ብቻ አይደለም፣ ስሚኝ።" ሐኪም አይደለችም። ነገር ግን በዚያ ዓመት እጄን ይዞ መብረዱን ያስተዋለ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነች።

ቤት ስንደርስ አባቴ ከዳንኤል ጋር ተቀምጠዋል። አባቴ ደሴ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ካሮትና ጎመን ለገበያ ሲያመጡ እኛ ዘንድ ያድራሉ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ጴንጤ ስሆን አኩርፈውኝ ነበር፤ ከታመምኩ ወዲህ ግን ለእኔ ሲሉ የተሳሉትን ስለት የሚያውቁት እሳቸውና የደብራቸው ቄስ ብቻ ናቸው። ሐዋ ያየችውን ስትነግራቸው እኔ የጠመኔውን ካርቶን አውጥቼ ዳንኤል እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ከፍቶ አየው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትፈራለህ ብዬ።"

"አሁንስ አልፈራሁም?" አለ።

አባቴ ሲያዩኝ ቆይተው "እስቲ ያንን ሻሽ ፍቺው ልጄ" አሉኝ። ፈታሁት። ከመቀመጫቸው ተነሥተው አፈር በለመደ ጣታቸው ጉሮሮዬን ከግራም ከቀኝም ዳሰሱት።

"ምራቅሽን ዋጪ።" ዋጥኩ። ጣታቸው ሥር የሆነ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ።

"ይኼ የእናትሽ አንገት ነው" አሉ። "ያኔ እንቅርት ነው ብለን ዝም አልን፤ ሴት ሁሉ የሚይዘው ነገር መስሎን። እሷም ይበርዳት ነበር። ምድጃ ሥር ተቀምጣ ይበርዳት ነበር።" ሻሹን ራሳቸው አጣጥፈው ሰጡኝ። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለት ደዌ ነው ያለብሽ ልጄ። ሲያክሙሽ የከረሙት ግን አንዱን ነው።"

በማግስቱ አራታችንም ሆስፒታል ሄድን፤ ሐዋም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ አብራን መጣች። ሲስተር ዘነበች ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ ነበር። ሳያት አለቀስኩ። መድኃኒቱን እንዳቋረጥኩ ስነግራት "እንኳን ነገርሽኝ። ብዙ ሰው የሚነግረን ታሞ ተሸክመው ሲያመጡት ነው" አለችኝ። ካርዴን አገላብጣ "የዕጢው ምርመራ የታለ?" አለች። የለም። "ሦስት ዓመት!" አለች፤ እኔን ይሁን መሥሪያ ቤቷን እንደተቆጣች አልለየሁም።

ደሜ ተቀዳ። ውጤቱን አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አእምሮዬ እየሮጠ ስለነበር መቀመጥ ራሱ ቅጣት ሆኖብኛል። ተነሥቼ ልሄድ ስል አባቴ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አግዳሚው ላይ ላለው ሁሉ ማደል ጀመሩ። ለእኔ ሲደርሱ "ቁጠሪልኝ፣ ስንት ደረሰሽ?" አሉኝ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ስጨርስ ደግሞ ጨመሩልኝ። እንዲህ ስንቆጥር ስሜ ተጠራ።

የክፍሉ ነባር ሐኪም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለሁላችንም አስረዱን። አንገት ላይ ያለው ዕጢ ታይሮይድ ይባላል፤ የሰውነትን ሙቀትና ፍጥነት የሚያዝዘውን ቅመም፣ ሆርሞን የሚባለውን፣ የሚያመነጨው እሱ ነው። ሊቲየም አንዳንድ ሰው ላይ ዕጢው ውስጥ ገብቶ ያንን ቅመም ወደ ደም እንዳይለቅ ይይዘዋል። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብ የዕጢ ሕመም ያለበትም ይበልጥ ይጋለጣል።

"ይህ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ቁጥር ከአንጎል ወደ ዕጢው የሚላክ ትእዛዝ ነው" አሉኝ። "ዕጢው ሲደክም አንጎል 'ሥራ! ሥራ!' እያለ ይጮኻል፤ ቁጥሩ ይወጣል። ያንቺ አንጎል መጮኽ ከጀመረ ብዙ ወር ሆኖታል። የሚመልስለት ግን አላገኘም።"

ዳንኤል ሳያስጨርሳቸው "እንግዲያው ሊቲየሙ ይቅርባት! ሌላ መድኃኒት የለም?" አለ።

"አለ። መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ያለ ሊቲየም በሦስት ሳምንት ምን እንደሆነች አይተሃል። ትኋን ገባ ተብሎ ቤት አይቃጠልም። ዕጢዋ የጎደለውን ቅመም በትንሽ ክኒን መተካት እንችላለን፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምርጫው ግን የእሷ ነው።"

በዚያ ዓመት ሙሉ ምርጫሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አእምሮዬ ያን ቀን ሙሉ በሙሉ የእኔ አልነበረም፤ ይህን ለመመለስ ግን አላነሰኝም። "ጣውላ ታድል የነበረችውን ሴትዮ መሆን አልፈልግም" አልኩ። "ሁለቱንም ስጡኝ።"

ወር ያህል ከሥራ ቀረሁ። ሊቲየሙ በጥንቃቄ ተመለሰ፤ የመጨረሻውን ክኒን ከዋጥኩ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደሜ እየተቀዳ፣ በውስጡ ያለው መጠን ይለካል። ሩጫው ቀስ በቀስ ረገበ። ድካሙ ግን ባለበት ቆመ። አዲሱን የታይሮይድ ክኒን በየጠዋቱ ሳላዛንፍ ብውጥም በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ እምብዛም አልወረደም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ሲስተር ዘነበች "ጠዋት የምትውጪውን ሁሉ ነገ በላስቲክ አድርገሽ አምጪልኝ" አለችኝ። ወሰድኩላት። ያን የብረት እንክብል መዝዛ አወጣችው። ከታይሮይዱ ጋር አብሬ እውጠው ነበር፤ ብረት ክኒኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ታይሮይዱን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፣ ቁርስና ሻይ አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ ብረቱን ወደ ከሰዓት አደረግነው።

በቀጣዩ ምርመራ ቁጥሩ ግማሽ መንገድ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበረው ደህና ሆነ። ጤና እንደ መብራት ቦግ ብሎ አልመጣም። አንድ ጠዋት ቀለበቴ ከጣቴ ሾልኮ ሳሙናው ውስጥ ወደቀ፤ ዳንኤል ከመታጠቢያው ሥር ሲፈልግ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ሌላ ቀን ሐዋ እጄን ጨብጣ "ማሻአላህ፣ ሰው ሆነሻል" አለችኝ። ድምፄ እንደ ድሮው አልወጣም። ዝቅ ያለውን ድምፅ ይዤ ቀረሁ፤ ስሰማው ደስ ይለኛል። ያቺ ክኒኑን ተዪው ያለችኝ እህትም ዛሬ አብራኝ ትዘምራለች። የሆነብኝን ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሊቲየም በእርግዝና ጥንቃቄ ይፈልጋልና፣ ልጅ ስናስብም መጀመሪያ ከሐኪም ጋር ልንነጋገር ተስማምተናል።

ሊቲየም የምትወስዱ ወገኖች፣ መድኃኒቱን አትፍሩት፤ እኔን አትርፎኛል። ግን የታይሮይድ ምርመራችሁን ቀን ጠብቃችሁ ጠይቁ። ኬሚካል የለም ቢሏችሁ ሌላ ቦታ የት እንዳለ ጠይቁ። ድብርቱ ተመለሰ ሲሏችሁም አንገቴን ተመልከቱልኝ በሉ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። የእኔን ሦስት ሳምንት አትድገሙት።

ባለፈው ክትትሌ አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሊቲየም የታዘዘበትን ወረቀት እንደ ክስ መጥሪያ ሁለት እጇ ላይ ይዛለች። ቀና ብላ ሰው አታይም። እናትየው ወደ እኔ ጠጋ ብለው "አንቺስ የኔ ልጅ፣ ማንን ልትጠይቂ መጥተሽ ነው?" አሉኝ። ጤነኛ መስያቸው ነው።

ይህ ጥያቄ ድሮ ሲመጣብኝ "ዘመድ ልጠይቅ" እል ነበር።

"ለራሴ ነው እናቴ" አልኳቸው፣ አግዳሚው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ባይፖላር አለብኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ያለችውን መድኃኒት እወስዳለሁ። ታይሮይዴንም አሞኝ ታክሜያለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ።"

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከጫማዬ እስከ ፊቴ አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን በእናቷ እጅ ላይ አኑራ "ሐኪሞቹን መጀመሪያ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?" አለችኝ።